ዲሹ ምን ያያል?

ቴሌቪዥን ገዝቶ ወደ ባሌው የሃረና ደን ለሚገባ ሰው የአንቴና ነገር ከዋጋ አይጀምርም፤ ከተራራው ይጀምራል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ መጀመሪያ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የሳነቴ አምባ ይወጣል። በአምባው ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ በሪራ በኩል ደኑ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ከሮቤና ከጎባ በኩል የሚነሳ የምድር ስርጭት ሃረና ለመድረስ ይህን ሁሉ ግንብ መሻገር አለበት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንቴና ማለት ከጣራ በላይ በረጅም እንጨት የሚታሰር የአልሙኒየም ዘንግ ነበር። ባለብዙ ዘንጉን አንቴና ጃፓናውያኑ ኡዳና ያጊ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈለሰፉት፤ እስከ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። ከዘንጎቹ መካከል ከኬብሉ ጋር የሚገናኘው አንዱ ብቻ ነው። ከኋላው ያለው ረዘም ያለ ዘንግ ሞገዱን ወደ እሱ ይመልስለታል፤ ከፊት የተደረደሩት አጫጭሮቹ ደግሞ ይመሩለታል። ስለዚህ ወደ ማሰራጫው መዞር ያለበት አጫጭሮቹ ያሉበት ጫፍ ነው። መጠኑም ያለ ምክንያት አልተወሰነም፤ ከኬብሉ ጋር የተገናኘው ዋናው ዘንግ የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል ይረዝማል። በ200 ሜጋኸርዝ 75 ሴንቲሜትር ግድም ሲሆን በ600 ሜጋኸርዝ 25 ሴንቲሜትር ይበቃዋል። ማሰራጫው ፊት ለፊት በሚታይበት ሜዳ ይህ ርካሽ ዕቃ ጥሩ ያገለግላል። ከተራራ ጀርባ ግን ዘንግ ቢጨምሩበት፣ ማጉያም ቢገጥሙለት፣ ያልደረሰውን ሞገድ ሊያጎላ አይችልም።

ዲሽ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ የሳነቴ ግንብ ከመንገዱ ውጭ ይቀራል። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በኢትዮሳት ስም የሚሰራጩበት ኤንኤስኤስ 12 የሉክሰምበርጉ ኩባንያ የኤስኢኤስ ንብረት ነው፤ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. መጥቆ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ቆሟል። ከባሌ ሲታይ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ባዘነበለ አቅጣጫ፣ ከአድማስ 68 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ሌላው ሳተላይት ናይል ሳት ግን በስተምዕራብ በ36 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነው። ሁለቱ እጅግ ስለሚራራቁ በአንድ ቋሚ ዲሽ ሁለቱን መያዝ አይቻልም፤ የአገር ቤት ዜናም የናይል ሳት ፊልምም የሚፈልግ ቤት ጀርባቸውን የተሰጣጡ ሁለት ዲሾች ያስፈልጉታል።

ደን ውስጥ ይህ የከፍታ ልዩነት ከሁሉ በላይ ይቆጠራል። ከዲሹ በላይ 25 ሜትር የሚወጣ ዛፍ ዲሹ በሚያይበት አቅጣጫ ቢቆም ለኢትዮሳት 10 ሜትር ያህል መራቅ ይበቃል፤ ለናይል ሳት ግን 35 ሜትር ግድም ያስፈልጋል። ቅጠል፣ በተለይ ዝናብ የጠጣ ቅጠል፣ ሞገዱን ይውጠዋል። ጉም ብዙ ጊዜ ያለ ኃጢአቱ ይወቀሳል እንጂ ምስል የሚያቋርጠው ኃይለኛ ዝናብ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 3 ሴንቲሜትር እንኳ ስለማይሞላ ትልልቅ ጠብታዎች ያዳክሙታል። ለዚህ ነው እኔ ለሃረና ባለ 90 ሴንቲሜትሩን ዲሽ የምመርጠው፤ ከባለ 60ው ከእጥፍ በላይ ሞገድ ይሰበስባል፣ ዝናብ ሲመጣም የሚከስረው ትርፉን ነው።

ዲሽ ገጣሚ ሲሠራ የሚያይን ሰው ሁለት ነገሮች ያሳስቱታል። አንደኛው፣ ዲሹ 68 ዲግሪ ያንጋጠጠ አይመስልም፤ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ዲሾች ፊታቸው ካጋደለበት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ብለው ነው የሚያዩት። ሁለተኛው የኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት የሚገጠመው ሞገድ ተቀባይ) አጠማዘዝ ነው። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ እዚህ ከ60 ዲግሪ በላይ መጠምዘዝ አለበት፤ ቀጥ አድርጎ የገጠመው ሰው ዲሹን ቀኑን ሙሉ ቢያዞር የምልክቱ ኳሊቲ ከፍ አይልለትም። በሶላር የሚሠራ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው ለቪ (ቁም ሞገድ) ጣቢያዎች 13፣ ለኤች (አግድም ሞገድ) ጣቢያዎች 18 ቮልት ይልካል። ባትሪው ሲደክም ወይም ኬብሉ ውሃ ሲገባበት ቀድመው የሚጠፉት የኤቾቹ ናቸው፤ ያኔ ጣራ ላይ ከመውጣት በፊት ባትሪውን ማየት ይሻላል።

ዲሹ የት ይተከል ለሚለው የፀሐይን ያህል የሚረዳ መሣሪያ የለም። በደመራ ቀን፣ መስከረም 16፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ፀሐይ ከባሌ ሲታይ ልክ ኤንኤስኤስ 12 ባለበት አቅጣጫ ትቆማለች፤ በመጋቢት 8 ደግሞ 5 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የዛፍ ጥላ ያረፈበት ቦታ ለኢትዮሳት ዲሽ አይሆንም፤ ፀሐይ ያገኘው ይሆናል። ስለዚህ መጥረቢያ ከማንሳት ዲሹን ጥቂት እርምጃ ማዛወር ይቀላል። በእነዚያ ቀናት አካባቢ ፀሐይዋ ራሷ በሳተላይቱ አቅጣጫ ስለምትሆን ምስሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ሊበጣጠስ ይችላል፤ ለዚያ ገጣሚ መጥራት አያስፈልግም።