ለአንድ ምስል ስንት ጨረር ይበቃዋል?

ከጉና ግርጌ፣ ከጋይንት ወይም ከእብናት ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ለሲቲ ስካን ምርመራ የሚላክ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ከብት ሽጦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ነው የሚሄደው። እንዲህ የተደከመበት ምስል የሐኪሙን ጥያቄ ካልመለሰ መንገዱ ከንቱ ይሆናል። ከሚያስፈልገው በላይ በሆነ ጨረር ከተነሣ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት፤ ይኸውም ጨረር በኋላ ዘመን የካንሰርን ዕድል በጥቂቱም ቢሆን ይጨምራል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው፤ ለሕፃናትም ይብሳል። ስለዚህ ማሽኑ የሚስተካከለው በዓይን ግምት ሳይሆን በልኬት ሊሆን ይገባል እንላለን።

ሲቲ ስካን ራሱ ራጅ ነው። ልዩነቱ የጨረሩ ምንጭ በሰውነት ዙሪያ መዞሩና ኮምፒዩተሩ ገላን እንደ ተቆረሰ ዳቦ በስስ በስሱ ማሳየቱ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ማሽን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ነው። በስሙ በሚጠራው መለኪያ ውኃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ አንጎል 35 ገደማ ሲሆን በአደጋ የፈሰሰ ትኩስ ደም ከ50 እስከ 80 ይደርሳል። ከበቅሎ ወድቆ ራሱን የተመታ ሰው ሕይወት በዚህ ጠባብ ልዩነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ታዲያ በምስሉ ላይ ሁልጊዜ ሻካራ ነጠብጣብ አለ። በካፊያ የረጠበ ደጃፍ ዝንጉርጉር ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ግን እኩል ይርሳል። ጨረርም እንዲሁ ነው። ሆኖም ዋጋው ከባድ ነው፤ ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ጨረር ያስፈልጋል። ቁራጩን በግማሽ ማሳሳትም ነጠብጣቡን ይጨምራል። መቼም ምስሉ አማረ ብሎ የሚያማርር የለምና የባለሙያው እጅ ወደ ላይ ቢያዘነብል አያስደንቅም።

ልኬቱ የሚሠራው በሰው ላይ ሳይሆን ፋንተም በሚባል፣ ውኃ በሞላበት ወይም ከፕላስቲክ በተሠራ ክብ ዕቃ ላይ ነው። ዕቃው ይነሣና በምስሉ ላይ ክብ ተሠምሮ አማካዩ ይነበባል፤ ውኃው ወደ 0 መቅረብ አለበት። ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ ሲታይ የነጠብጣቡ መጠን ይታወቃል። ሌሎች ፋንተሞች በውስጣቸው እየቀጠኑ የሚሄዱ መሥመሮችና ከዙሪያቸው በጥቂቱ ብቻ የሚለዩ ክቦች አሏቸው፤ እስከ የትኛው እንደሚታይ ይመዘገባል። ከዚያም ጨረሩ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ ይደገማል።

የሚበቃው መጠን እንደ ጥያቄው ይለያያል። የኩላሊት ጠጠር ደምቆ ስለሚታይ ነጠብጣብ አይሸፍነውም፤ በዝቅተኛ ጨረር ይገኛል። የጉበት ትንሽ ዕጢ ግን ከጎረቤቱ እምብዛም ስለማይለይ ይሰወራል፤ እዚያ ላይ መቆጠብ ጉዳት ነው። የሰውነት ውፍረትም አለ። በየ4 ሳንቲ ሜትሩ ገደማ ሰውነት ጨረሩን በግማሽ ስለሚያስቀረው፣ ከአዋቂ ይልቅ ቀጭን የሆነን ሕፃን በአዋቂ ልክ ማንሣት ያለ ምክንያት ማብዛት ነው። ማሽኑ በሚሊግሬይ የሚያሳየው ቁጥርም 16 ወይም 32 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፕላስቲክ ላይ የተሰላ እንጂ የዚያ ሕፃን አይደለም።

ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 የማመሳከሪያ ልክ የተባለውን አሠራር አቀረበ። ብዙ ሆስፒታሎች ለአንድ ዓይነት ምርመራ የሚሰጡት ጨረር ይሰበሰብና ከልኩ ዘወትር የሚያልፈው ምክንያቱን ይመረምራል። ይህ ግን ስለ ምስሉ ጥራት አይናገርም፤ ያለ ፋንተሙ ልኬት ግማሽ ሥራ ነው።

እንግዲህ ማሽን በስጦታ ለመስጠት የምታስቡ ጉባኤዎች፣ በዋጋው ዝርዝር ውስጥ ፋንተሙ መኖሩን፣ በየጠዋቱ የውኃውን ልኬት ማን እንደሚመዘግብ፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያም በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣና አበሉን ማን እንደሚከፍል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።