ካሜራ ሻጭ ለገዢው ሊያስረዳው የሚገባ

በጥር 11 ቀን በጎንደር በዐፄ ፋሲል መዋኛ የሚከበረውን የጥምቀት በዓል ለማንሳት ዲጂታል ካሜራ የገዛ ጀማሪ፥ ፎቶግራፉ ቢበላሽበት ዕቃውን ከነሻጩ ይወቅሳል። ጉድለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአጠቃቀም ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሒሳቡን ከመቀበሉ በፊት ሦስት ነገር ያስረዳ።

ፀሐይ ከበስተኋላው የሆነ ሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ ስለዚህ አንሺው ጀርባውን ለፀሐይ ይስጥ።

እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ባለ ደብዛዛ ውስጥ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ መካከል እጅ ቢንቀጠቀጥ ሥዕሉ ይደበዝዛል። አይ.ኤስ.ኦ. የተባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግና ክርንን ከጎን ማስጠጋት ይረዳል።

ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በራስ ደጀን ብርዱ የባትሪውን ኃይል ያዳክማል፤ መለዋወጫው በውስጥ ኪስ ይያዝ።

ይህን ያስረዳ ነጋዴ መለዋወጫ ባትሪም ይሸጣል፥ ስሙንም ይጠብቃል፤ ያመለጠ የጥምቀት ሥዕል እስከ ከርሞ አይገኝምና።