ገመዱ ሲነሳ

ለንደን ውስጥ አንድ የሀበሻ ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ ቴሌቪዥኑ ግራንድ ናሽናል የተባለውን የእንግሊዝ የመሰናክል ፈረስ ውድድር ያሳይ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ጋሼ ልጅነታቸውን በአገው ምድር ፈረስ ላይ ያሳለፉ ናቸው። ፈረሶቹ መነሻው ላይ ሲተራመሱ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም፤ ሩጫው ሲጀመር ግን ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። «እኔን የሚያስጨንቀኝ አነሳሱ ነው» አሉኝ። «ፈረስን ከኋላ እየገፋህ ከፊት ስትከለክለው ልቡ ይሸበራል። ጆሮውን እይ፣ ይነግርሃል። አስነሺው ግን ሰዓቱ ነው የሚያጣድፈው። በ1993 የሆነው ይኸው ነው። እኔስ የተወራረድኩበትን ፓውንድ መለሱልኝ፤ ፈረሶቹ የከፈሉትን ማን መለሰላቸው?»

ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1993 ሊቨርፑል በሚገኘው የኤንትሪ ሜዳ 39 ፈረሶች ለውድድሩ ቀረቡ። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ሜዳ ገብተው ስለነበር መነሻው ዘግይቷል። አስነሺው ካፒቴን ኪት ብራውን ጡረታ ሊወጡ ተቃርበው የመጨረሻ ናሽናላቸውን ይመሩ ነበር። የመጀመሪያው አነሳስ ተበላሸ፤ ወደፊት ራቅ ብሎ የቆመው ባንዲራ ያዥም ፈረሶቹን መለሳቸው። በሁለተኛው ግን ፈረሶቹ ፊት የተዘረጋው የመነሻ ገመድ ሪቻርድ ደንውዲ የተባለውን ጋላቢ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። ብራውን ሩጫው እንዲቆም ባንዲራቸውን ቢያወዛውዙም ጨርቁ አልተፈታም። የባንዲራ ያዡ ምልክት ሳይታይ 30ዎቹ ጋለቡ፤ ዘጠኙ ብቻ ነቅተው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ያማል። ሊያስቆሟቸው የወጡት ሰዎች ለአንዳንዶቹ ጋላቢዎች ተቃዋሚዎች መሰሏቸው። አሠልጣኟ ጄኒ ፒትማን፣ የራሷ ፈረስ እየሮጠ ሳለ፣ ውድድሩን አስቁሙ ብላ ለመነች። ሰባት ፈረሶች ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠው፣ 30 መሰናክል ዘለው ጨረሱ። አንደኛ የወጣው የእሷው ኢሻ ነስ ነበር፤ ውድድሩ ግን ተሰረዘ። ወደ 75 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት የውርርድ ገንዘብ ለተወራራጆቹ መመለስ ነበረበት።

ምርመራውን የመሩት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሰር ማይክል ኮኔል ነበሩ። ብራውን ፈረሶቹን ወደ ገመዱ አብዝተው አስጠግተዋል ተብለው በከፊል ተወቀሱ። አብዛኛው ጥፋት ግን ባንዲራ ያዡ ላይ አረፈ። ስሙን እዚህ መድገም አልፈልግም፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች በበቂ አንስተውታል። ያልተፈታ ባንዲራ እንዲያይ ተፈልጎ፣ ባለማየቱ የአገር መነጋገሪያ የሆነ ሰው ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ጋዜጣቸውን አጠፉ፦ «ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ፈረሱ ጌታውን ሲጥል የሚገረፈው ባልደራሱ ነው።»

አነሳስ ላይ ፍርድ ታናሹን ሲመታ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ የአሌክሳንደር ግሬይ ልጅ ጋላቢ ነበር፤ መነሻው ላይ አጥፍተሃል ተብሎ ተቀጣ። አባትየው ፍርዱ አልዋጥለት ብሎ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ የሚነሳ የመነሻ ገመድ ሠራ፤ በ1894 ሲድኒ ካንተርበሪ ፓርክ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። በ1939 ደግሞ ክሌይ ፑዬት የተባለ አሜሪካዊ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ የመነሻ በሮችን ቫንኩቨር ላይ አስተዋወቀ። ፑዬት ራሱ አስነሺ ስለነበር ችግሩን ከመነሻው ያውቀው ነበር። ብሪታንያ በሮቹን የተቀበለችው በ1965 በኒውማርኬት ነው፤ ያውም መሰናክል ለሌለው ሩጫ ብቻ።  መሰናክል የሚዘልሉት ፈረሶች ዛሬም ከገመድ ፊት ነው የሚነሱት።

ከ1993 በኋላ በግራንድ ናሽናል ነጠላው ገመድ ባለ ሦስት ሆነ፤ የማስቆሚያው ባንዲራም የሚያንጸባርቅ ቢጫ። ባንዲራ ያዦቹ ሁለት ሆኑ፤ በመኪና ተከትሎ የሚያስቆም ሦስተኛ ሰውም ተመደበ፤ ሁሉም በሬዲዮ ይገናኛሉ። የኤሌክትሮኒክ ማስጠንቀቂያ ግን ሊበላሽ ወይም ሆን ተብሎ ሊጠለፍ ይችላል ተብሎ ቀረ። ይህ ምክንያት ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይሠራል ወይ ብዬ አንድ የዘርፉን ኃላፊ ጠየቅሁ። ደንቡን እንዳነብ መከረኝ፤ ደንቡን አንብቤ ስመለስ መልስ አልሰጠኝም።

በ2013 መነሻው ከተመልካቹ ጫጫታ 90 ያርድ ያህል ራቀ። ከ2024 ጀምሮ ተወዳዳሪዎቹ ከ40 ወደ 34 ዝቅ ብለዋል፣ የመጀመሪያው መሰናክል 60 ያርድ ወደ መነሻው ቀርቧል፣ ፈረሶቹም ቆመው እንዲነሱ ተወስኗል። እነዚህ ፍጥነቱን ይቀንሳሉ፤ ለፈረሶቹም መልካም ናቸው። «ቁም» የሚለው ትእዛዝ ግን እየጋለበ ላለ ጋላቢ አሁንም የሚደርሰው ሰው በሚያወዛውዘው ባንዲራ ነው። የተበላሸ አነሳስ ቢደገም መጀመሪያ የሚጠየቀውም ያንን ባንዲራ የያዘው ሠራተኛ ነው።