ናይሮቢ በመኪና፦ ኪሎ ሜትር ሳይሆን የቀን ብርሃን ቁጠሩ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ዘንድሮስ ወዴት ወጣ እንበል?» የሚለው ጨዋታ በየቤቱ ይጀመራል። ላንጋኖ ታየ፣ ሐዋሳ ታየ፣ አርባ ምንጭም ተደረሰ። ታዲያ በጨዋታው መሃል አንዱ ደፈር ብሎ «ለምን በመኪናችን ናይሮቢ አንሄድም?» ይላል። ሐሳቡ እብደት አይደለም። በሞያሌ በኩል ከአዲስ አበባ ናይሮቢ 1 ሺህ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ድሮ የጭነት መኪኖች በአጀብ የሚያልፉበት፣ ዝናብ ሲጥል ቀናት የሚያስቆም አስቸጋሪ መስመር ነበር። አሁን አስፋልት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «አስፋልት ከሆነማ በሁለት ቀን እንገባለን» ይባላል። 1 ሺህ 550ን ለ80 ሲያካፍሉት 19 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ልክ ነው። መንገዱ ላይ ግን ከብት አለ፣ ኬላ አለ፣ የነዳጅ ሰልፍ አለ፣ ሽንት የመጣበት ልጅ አለ። የጎደለው ሰዓት ከየት ይሞላል? ከሌሊቱ ነዋ! ሌሊት ደግሞ አስፋልት ላይ የቆመ ግመል፣ መብራት ሳያበራ የተገተረ የጭነት መኪና፣ እንቅልፍ የሚያዳፋው ሹፌር አለ። መንገዱ ጥሩ መሆኑ ራሱ ያታልላል፤ ኮረኮንች ቢሆን ሰው በግዱ ቀስ ይል ነበር።

ስለዚህ እቅዳችሁን ስታወጡ የምትቆጥሩት ኪሎ ሜትር ሳይሆን የቀን ብርሃን ይሁን። በዚህ መስመር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ለቁርስና ለምሳ፣ ለነዳጅ፣ ለኬላና ለማረፊያ ቀንሱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመግባት በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ መንዳት የለባችሁም። በዚህ ሒሳብ ጉዞው ስድስት ቀን ይወስዳል። «ስድስት ቀን!» ብላችሁ አትደንግጡ፤ የሚታየው ነገር ለስድስት ቀን ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን እስከ ዲላ ነው፣ 365 ኪሎ ሜትር ገደማ። የፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ በሞጆ ወደ ባቱ ትወርዳላችሁ፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በተራ ይቀበሏችኋል። ምሳ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ። አመሻሹ ላይ ዲላ ናችሁ።

ሁለተኛው ቀን አጭር ነው፤ እስከ ያቤሎ 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ያጠረው ሆን ተብሎ ነው። ከዲላ ይርጋ ጨፌ ያለው አገር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው። ትልልቅ ዛፎች ከላይ፣ እንሰት ከመሃል፣ ቡና ከሥር ሆነው በአንድ ማሳ ይኖራሉ። ጥንታዊ ትክል ድንጋዮቹም እዚሁ ናቸው። በጠዋቱ ቆም ብላችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ ቀጥሉ።

ሦስተኛው ቀን የቦረና ነው። ያቤሎ አካባቢ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ የቁራ ዘመድ የሆነ ወፍ አለ፤ ሰማያዊ የዓይን ዙሪያውን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። ወረድ ስትሉ ዱብሉቅ ላይ ጥልቆቹን የኤላ ጉድጓዶች ታገኛላችሁ። ወጣቶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን በባልዲ ሲቀባበሉ ከብቱ ተራውን ይጠብቃል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ኤል ሶድ አለ። በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ጥቁር የጨው ሐይቅ ነው፤ ሰዎች ውስጡ ገብተው ጨው ያወጣሉ፣ አህዮች ገደሉን ይዘውት ይወጣሉ። መውረዱ ይቀላል፣ መውጣቱ ያስለፋል፤ ውሃ ያዙ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ የሰው ሥራ ቦታ ነው። ማታ ሞያሌ እደሩ።

አራተኛው ቀን ጠዋት ድንበር ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ የሁለቱን አገር ሠራተኞች አንድ ግቢ ውስጥ ስላስቀመጠ ሥራው ቀሏል። ወረቀቱ ካልተሟላ ግን የትኛውም ሕንፃ አያሻግራችሁም። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል። የሚያምታቱ ሁለት ቢጫ ካርዶችም አሉ። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው፤ ለሰው። ሌላው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ ለመኪና። አገር ውስጥ ያለው መድናችሁ ኬንያ ስለማይሠራ ካርዱን ከመድን ድርጅታችሁ ጠይቁ። መኪናው ለጊዜው እንዲወጣና እንዲመለስ ጉምሩክ የሚፈልገውን ዋስትናና የኬንያን የመግቢያ ደንብ ግን ከመነሻችሁ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ አጣሩ፤ ደንብ ይቀያየራል።

ድንበሩን እንዳለፋችሁ የሚነዳው በግራ ነው። ቀልድ አይደለም። የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ ሹፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። የጭነት መኪና ደርቦ ለማለፍ ሲፈልግ ከፊት የሚመጣውን አያይም፤ ቀድሞ የሚያየው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ከፊት የሚቀመጠው ሰው እንቅልፋም አይሁን። ከተማ ውስጥ የፍጥነት ጣሪያው 50 ነው፤ ጉብታዎቹም ብዙ ናቸው።

እስከ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞቃትና ባዶ ሜዳ። ከሞያሌ ስትወጡ ታንከራችሁን ሙሉ፣ ስኮርታ ጎማችሁን ፈትሹ። በኤሌክትሪክ መኪና የምታስቡ ካላችሁ፣ መሙያ ጣቢያ አገኛለሁ ብላችሁ ተማምናችሁ አትውጡ። የሚገርመው ደግሞ፣ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ከእናንተ ጋር ካለ ድንበሩን ማለፋችሁ እስኪረሳችሁ ትግባባላችሁ፤ ቦረናው ከመስመሩ ወዲያም ወዲህም አንድ ሕዝብ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለችውን «አንድ ሰዓት» ይላታል። ትኬትና ሆቴል ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ሰዓት ነው።

ማርሳቢት በበረሃው መሃል ደን ለብሶ ብድግ ያለ ተራራ ነው። አህመድ የተባለው ባለ ረጅም ጥርስ ዝሆን የኖረው እዚህ ነበር። ጆሞ ኬንያታ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ እንዲጠበቅ አድርገውት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሞተ። ናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ስትደርሱ ምስሉን ታዩታላችሁ፤ ልጆች አገሩን አይተው ሲያገኙት ይበልጥ ይገባቸዋል።

አምስተኛው ቀን እስከ ናንዩኪ ነው፣ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ። አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለው የኦሎሎክዌ ተራራ ከመንገዱ ዳር ይታያል። አርቸርስ ፖስት ጋ የሳምቡሩ ጥብቅ ስፍራ መግቢያ አለ። ገብታችሁ ልታዩ ከፈለጋችሁ ግን አንድ ቀን ጨምሩ፤ በስድስቱ ቀን ውስጥ አትሸጉጡት። ከኢሲዮሎ በኋላ መንገዱ ዳገት ነው፤ ሙቀቱ ቀርቶ ሹራብ ያስፈልጋችኋል። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ከጠራ 5 ሺህ 199 ሜትር ከፍታ ያለውን የኬንያ ተራራ አይታችሁ፣ ከናንዩኪ ወጣ ብሎ የምድር ወገብ ምልክት ጋ ፎቶ ተነስታችሁ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ናይሮቢ ትገባላችሁ።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፌስታል ይዛችሁ እንዳትሻገሩ። ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምራ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ድርቆሹንና ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት ያዙት። ሁለተኛ፣ ወቅቱን በአዲስ አበባ ሰማይ አትመዝኑ። በቦረናና በሰሜን ኬንያ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ የእኛ ክረምት እዚያ ደረቅ ነው። የልጆች ዕረፍትና የኤላው ሥራ የሚገጣጠሙት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ከዲላ ወደ ታች ያለውን መንገድ ደህንነት በሰው ወሬ አትመኑ። ባደራችሁበት ከተማ የዚያኑ ዕለት ከታች የመጣ የአውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና ሹፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ የአካባቢውን ፖሊስም እንደዚሁ። «ዛሬ አይሆንም» ካሏችሁ እደሩ፤ ካልሆነም ተመለሱ። ስድስት ቀን ያቀደ ሰው አንድ ቀን ቢያድር እቅዱ አይፈርስም። በሁለት ቀን እገባለሁ ያለው ግን መጠየቂያ ጊዜ እንኳን የለውም።

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ግቡ!