በስፌት መኪና ድርብ ልብስን በነጻ እጅ ስለ መስፋት

በሁለት ጨርቅ መካከል ጥጥ ተነጥፎ በስፌት ሲያያዝ ሙቀት ያለው ድርብ ልብስ ይሆናል። ይህን በቤታችሁ የስፌት መኪና አበባና ሐረግ እያወጣችሁ ልትሰፉ የምትወዱ እመቤቶች፥ አስቀድማችሁ የመኪናውን ጠባይ ማወቅ ይገባችኋል።

አሌን ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ከመርፌው ሥር ጨርቁን የሚገፉትን ጥርሶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ፥ የስፌቱን ርዝመት የሚለካው መኪናው ነው። ለሐረግ ሥራ ግን ጥርሶቹ ዝቅ ይደረጋሉ፤ ዝቅ የማይሉ ቢሆኑ በስስ ክዳን ይሸፈናሉ። የተለመደው እግርም ወጥቶ፥ የተቀደደ ለመጥቀም የሚሆነውና ጨርቁን አጥብቆ የማይጫነው እግር ይገባል። ከዚያ በኋላ ልክ የሚሰጥ እጅ ብቻ ነው። መኪናው ፈጥኖ እጅ ቢዘገይ ስፌቱ ይታጨቃል፤ እጅ ቢቸኩል ስፌቱ ይረዝማል፥ መርፌውም ተጣምሞ ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ አስቀድሞ ሐረጉን እርሳስ ሳያነሡ በወረቀት ላይ ደጋግሞ መሳል እጅን ያስተምራል። ቀጥሎም 30 በ30 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ድርብ ጨርቅ ይዘጋጅ። የታችኛውን ክር ወደ ላይ ስቦ፥ በአንድ ቦታ ሦስት አራት ጊዜ ወግቶ ካጸኑ በኋላ፥ መዳፎችን በመርፌው ግራና ቀኝ ዘርግቶ ጨርቁን በዝግታ መንዳት ነው። ጀርባውንም ገልብጦ መመርመር ይገባል፤ በመታጠፊያው ላይ ክሩ እንደ ሽፋሽፍት ተበትኖ ቢታይ፥ እጅ በዚያ መቸኮሉን ወይም የላይኛው ክር መላላቱን ይመሰክራል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ ትዕግሥት የሌለው ስፌት አይጸናም። ቁራጭ ቢበላሽ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ለሕፃን ወይም ለሙሽራ የተዘጋጀውን ልብስ ግን መርፌ ከበሳሳው በኋላ ፈትቶ ማደስ ብዙ ድካም ነው።