አሮጌ መስተዋት ከጀርባው ይታደሳል

መስተዋት የሚያረጀው ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ነው። ጥቁር ነጥብ የያዘ መስተዋት ገዝተን ፊቱን በሳሙና ብንፈትገው ነጥቡ አይለቅም። ለምን ቢባል ነጥቡ ያለው ከብርጭቆው ማዶ ነው። ይህን ለማየት የእስክሪብቶ ጫፍ መስተዋቱ ላይ እናስነካ። በእስክሪብቶውና በምስሉ መካከል ትንሽ ክፍተት ይታያል። ክፍተቱ የሚታየው ብርጭቆው ውፍረት ስላለው ነው። ፊታችንን የሚያሳየን ከብርጭቆው ወዲያ ያለው ነገር ነው።

ያ ነገር ብር ነው። ገበያ ይዘነው የምንሄደው ብር አይደለም፤ አንጥረኛ የአንገት መስቀል የሚሠራበት ብር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የተባለ የጀርመን ኬሚስት በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ብር ብርጭቆ ላይ እንዲለጠፍ የሚያደርግ ዘዴ አገኘ። ከዚያ በፊት መስተዋት የሚሠራው በቆርቆሮ ማዕድንና በባዜቃ ነበር። ባዜቃ መርዝ ስለሆነ ሠራተኞቹን ይጎዳቸው ነበር። ዛሬ በአንዳንድ መስተዋት ላይ በብር ፈንታ አሉሚኒየም ይደረጋል።

የብሩ ንጣፍ ከራስ ፀጉር ውፍረት ብዙ መቶ ጊዜ ያንሳል። እንዲህ የሳሳ ነገር ብቻውን አይቆይምና በላዩ ቀለም ይቀባል። ቀለሙ ለብሩ እንደ ቤት ክዳን ነው። ክዳን ሲያፈስ ግድግዳው እንደሚበሰብስ ሁሉ፣ ቀለሙ ሲሰነጠቅ እርጥበት ይገባና ብሩ ይጠቁራል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ እርጥበት መቼም አይጠፋም። በእንጦጦ ሥር ባሉት ሰፈሮች፣ በሲግናልም ሆነ ከዚያ በላይ ወደ ተራራው፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳ እንኳ ላብ ያወጣል።

ታዲያ አሮጌ መስተዋት ለምን እንገዛለን? ርካሽ ስለሆነ ነው። ቁራሌው ከየቤቱ የሚሰበስበው ዕቃ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። መስተዋትም አብሮ ይገኛል። ስንገዛ ፊታችንን እያየን ራሳችንን ግራና ቀኝ እናንቀሳቅስ። ምስሉ እንደ ውኃ ከተወዛወዘ ብርጭቆው ጥሩ አይደለም። የጠቆረው ጠርዙ ብቻ ከሆነ እንግዛው፤ መስተዋት ቆራጭ ዘንድ ወስደን ክፉውን ማስቆረጥ ይቻላል። መሐሉ ከጠቆረ ግን ለፍሬሙ ካልሆነ በነጻም ቢሰጡን አንውሰደው። የጠቆረ ብር ተመልሶ አይነጣም። በጀርባው የሲጋራ ብርማ ወረቀት ብንለጥፍ ያብለጨልጫል እንጂ ፊት አያሳይም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መስተዋቱን ብርድ ልብስ ላይ በፊቱ እናስተኛው። እጃችንን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለን ሚስማሮቹን በጉጠት አንድ በአንድ እንንቀል። ከጀርባው ያለው ካርቶን እርጥበት የጠጣ ስለሆነ ይጣል። አንዳንዴ በካርቶን ፈንታ የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይገኛል። እሱ እንኳ ከመጣሉ በፊት ቢነበብ አይከፋም!

የመስተዋቱን ጀርባ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ እናራግፍ። የተላጠውን ቀለም በቢላ አንፋቅ፤ ብሩ አብሮ ይነሣል። ኮምጣጤም ሎሚም አይንካው። ሁለት ቀን ደረቅ ቦታ ካቆየነው በኋላ ጀርባውን፣ በተለይም ጠርዙን ዙሪያውን፣ ሁለት ጊዜ ዘይት ቀለም እንቀባው። ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው በደንብ ሲደርቅ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። መስተዋት በሲሊኮን የሚለጥፍም አለ። ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ብሩን ስለሚበላው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፍሬሙ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለ ማዕድን ሊኖር ይችላል። የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም፤ አረር የሚሠራበት ከባዱ ማዕድን ነው። ይህ መርዝ የልጆችን አንጎል ይጎዳል፤ ልጁ ትምህርት እንዳይገባው ያደርጋል። በአገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 ቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳያልፍ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ ፍሬም ግን ምን እንደያዘ ማንም አይነግረንም። ስለዚህ እንዳለበት ቆጥረን እንሥራ።

ቀለሙን በደረቁ ከፈገፈግነው ብናኙ ቤት ይሞላል። የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እየነከርን፣ ከቤት ውጭ፣ ልጆችና ዶሮዎች በሌሉበት እንፈግፍግ። ልጣጩን አሮጌ ላስቲክ ላይ ሰብስበን እንቋጥረው። የሠራንበትን ልብስ ለብቻው እንጠበው፤ እጃችንን ሳንታጠብም እንጀራ አንቁረስ። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ የተሰበረ ባለ ቀለም ፍሬም ምድጃ ውስጥ አይግባ። ማገዶ ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ጀርባ ይመሰክራል። ሆኖም እርሳስ ያለበት ቀለም ሲነድ መርዙ በጭሱና በአመዱ ይቀራል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሕፃን አይጠፋም።

የተፈገፈገው እንጨት ዋንዛ ወይም ጽድ ከሆነ እንደገና ቀለም መቀባት አያስፈልገውም፤ የራሱ መልክ ያምራል። የተልባ ዘይት በጨርቅ በሥሡ እንቀባው። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠነክር እንጨቱን ከውኃ ይጠብቃል። ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈልጋል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለን ጥግ አናስቀምጥ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጨመቀው ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ በተለይ የሣር ቤት ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጨርቁን ዘርግተን ውጭ እናድርቀው። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ደፍነን ቫርኒሽ ወይም ዘይት ቀለም ብንቀባው ይሻላል።

ስንሰቅለው በሁለት ሚስማር ይሁን። ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፤ በአራቱ ማዕዘን ከጀርባው ቁራጭ እንጨት እናድርግለት፣ አየር እንዲያልፍ። ከፍታው በቤቱ አጭር ሰው ዓይን ልክ ቢሆን መልካም ነው። ልጆች ፊታቸውን ታጥበው የዓይናቸው ጥግ መጽዳቱን ራሳቸው ያያሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰለን፤ ትራኮማን ከሰው ወደ ሰው የሚያዛምተው ዝንብ የሚያርፈው ባልጸዳ ዓይን ላይ ነው።

ስናጸዳው ውኃ መስተዋቱ ላይ አንርጭ። ወደ ታች ወርዶ ታችኛው ጠርዝ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ መስተዋት መጥቆር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጨርቁን አርሰን፣ በደንብ ጨምቀን እንወልውለው፤ ከዚያ ታችኛውን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ እናብሰው።