ጥቃት የደረሰበት ሕፃን ታሪኩን ስንት ጊዜ መናገር አለበት? የጋራ ምርመራ ቡድኖች ምንነትና የሙንዮንዮ ቃል

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የምትገኘው የካምፓላዋ ሙንዮንዮ በትልልቅ ጉባኤዎቿ ትታወቃለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2011 የታላላቅ ሐይቆች ቀጣና አገራት መሪዎች በዚያ ተሰብስበው ስለ ጾታዊ ጥቃት መከሩ። የካምፓላ መግለጫ በተባለው ሰነድም ጉዳዮቹን የሚያፋጥኑ ልዩ ችሎቶችን፣ እንዲሁም ሕክምና፣ የሕግና የሥነ ልቦና ድጋፍ በአንድ ቦታ በነጻ የሚሰጡ ማዕከላትን ለማቋቋም ቃል ገቡ።

ቃሉ መፍትሔ የፈለገለት ችግር ግን ከጉባኤ አዳራሾች ርቆ የሚገኝ ነው።

አንድ ታሪክ፣ ብዙ ጠያቂ

በኡጋንዳ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ከቤተሰብና ከመንደር ሹም ተነሥቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። እዚያ የሕፃናትና ቤተሰብ ጥበቃ ክፍል ይቀበላታል። ከዚያ ‘ፒኤፍ 3ኤ’ የተባለውን የፖሊስ ቅጽ ይዛ ወደ ጤና ተቋም ትሄዳለች። በኋላም ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ይጠብቋታል። ሁሉም የሚጀምሩት “ምን ሆነሽ?” በሚለው ጥያቄ ነው።

ልጅቷ በተናገረች ቁጥር ሕመሙ ይታደሳል። በቃሎቿ መካከል የሚፈጠር ጥቃቅን ልዩነትም በችሎት እንደ ውሸት ሊቆጠርባት ይችላል። ጊዜም አይጠብቃትም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመር ያለበት ሲሆን፣ ከሰውነት ላይ የሚገኝ ማስረጃም በሰዓታት ልዩነት እየጠፋ ይሄዳል።

ቡድኑ እንዴት ይሠራል?

ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ተጎጂዋን እርስ በርስ ከመላላክ ይልቅ እሷ ወዳለችበት ይመጣሉ። ሕክምናው ይቀድማል። ቃሏን የሚቀበላት አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። መልሱን ለልጅቷ ላለመጠቆምም “እገሌ ነው አይደል?” ሳይሆን “የሆነውን ንገሪኝ” ብሎ ይጠይቃል። ሌሎቹ በቪዲዮ ወይም ከመስታወት ጀርባ ሆነው ይከታተላሉ። ጥቃት አድራሹ ብዙ ጊዜ ልጅቷ የምታውቀው ሰው በመሆኑም፣ ወደ ቤቷ መመለሷ አደጋ እንዳለው ቡድኑ በጋራ ይመዝናል።

አሠራሩ በአሜሪካዋ ሀንትስቪል ከተማ በ1985 በአንድ ዐቃቤ ሕግ አነሣሽነት ተጀመረ። ደቡብ አፍሪካ የቱቱዜላ ማዕከላትን ከ2000 ጀምሮ በሆስፒታሎች ከፈተች። ሩዋንዳም በ2009 በኪጋሊው የካቺሩ ፖሊስ ሆስፒታል የኢሳንጌ ማዕከልን አቋቋመች። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተመሳሳይ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲሰጥ፣ በልደታ ችሎት ደግሞ ሕፃናት ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ ከሌላ ክፍል በቪዲዮ የሚመሰክሩበት ሥርዓት አለ።

ሕንፃው ብቻውን አይበቃም

ማዕከላቱ በአብዛኛው በከተሞች የሚገኙ በመሆናቸው፣ ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ የትራንስፖርት ገንዘብ ማጣት ብቻውን ማስረጃውን ሊያጠፋው ይችላል። የዘረመል ናሙና ከሩቅ ወረዳ ተነሥቶ ካምፓላ ዋንዴጌያ ወደሚገኘው የመንግሥት ቤተ ሙከራ እስኪደርስ ድረስ ማን እንደተረከበው በየደረጃው መመዝገብ አለበት። አንድ ክፍተት ክሱን ሊያፈርሰው ይችላል።

ሌላው ፈተና ሽምግልና ነው። በኡጋንዳም ሆነ በኢትዮጵያ ቤተሰቦች በካሣ ሲስማሙ ምስክሮች ከችሎት ይቀራሉ። ይሁንና በሁለቱም አገራት ሕፃንን መድፈር ቤተሰብ ተስማምቶ የሚዘጋው ጉዳይ አይደለም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለችን ሕፃን መድፈር ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

የፖሊስና የሆስፒታል በአንድ ጣሪያ ሥር መሆን ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ክስ ለመመሥረት ያልወሰነች ሴት ፖሊስን ፈርታ ሕክምናዋን እንዳትተው፣ መታከም ለፖሊስ ከማመልከት ጋር መታሰር የለበትም።

ከሙንዮንዮ ብዙም በማይርቁት በካባላጋላና በካንሳንጋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ደግሞ ቋንቋ ተጨማሪ መሰናክል ነው። ዘመድ ወይም ጎረቤት አስተርጓሚ ሲሆን ምሥጢሩ ወደ ሰፈር ይወጣል፤ አንዳንዴም አስተርጓሚው ከተጠርጣሪው ጋር የሚተዋወቅ ይሆናል። ስለዚህ ገለልተኛ አስተርጓሚ የቡድኑ አካል ሊሆን ይገባል።

ጥቃት ቢደርስ ምን ይደረግ?

ልጅን በጥያቄ ከማጨናነቅ ይልቅ ማዳመጥና ጥፋቷ አለመሆኑን መንገር ይቀድማል። ከተቻለ ከምርመራ በፊት ገላዋን አለማጠብ፣ ልብሷንም ሳያጥቡ በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ ማስረጃን ይጠብቃል። ቀጥሎም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። 72 ሰዓት ቢያልፍም ሕክምናና ድጋፍ ስላለ ከመሄድ መቅረት አይገባም። በኡጋንዳ የሕፃናት የእርዳታ ስልክ መስመር 116 ነው።